የሳሎኑ ማብሪያና የግድቡ በር

ሰሞኑን በአንድ የልጆች ዝግጅት ላይ አቅራቢዋ «የእኛ መብራት ከውኃ ስለሚመጣ አካባቢን አይጎዳም፤ የምንቆጥበው ለገንዘቡ ብቻ ነው» ስትል ሰማሁ። እንዲህ ያለው ነገር አንዴ ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ከገባ ማውጣቱ ቀላል አይደለም፤ ግማሹ እውነት ሲሆንማ የባሰ ነው። ኢትዮጵያ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በእርግጥ ከውኃ ነው። ስለ ጉዳቱ የተባለው ግን ስህተት ነው።

ውኃ ከከፍታ ወርዶ ተርባይን ያዞራል፣ ተርባይኑም ጄኔሬተሩን ያዞራል። ይህን ልጆች በትምህርት ቤትም ይሰሙታል። ብዙ ጊዜ የማይነገራቸው፣ ሽቦው ውስጥ ተጠራቅሞ የሚጠብቀን ኤሌክትሪክ አለመኖሩ ነው። እናት ምጣዷን ስትሰካ በዚያችው ቅጽበት ጄኔሬተሮቹ ይከብዳቸዋል። ሜዳ ላይ ብስክሌት ሲነዳ ቆይቶ ዳገት የጀመረ ልጅ ካልበረታ ፍጥነቱ ይቀንስ የለ? እነሱም እንደዚያው ናቸው። በአገራችን መስመር የኤሌክትሪኩ ሞገድ በሴኮንድ 50 ጊዜ መመላለስ አለበት፤ ጭነት ሲበዛ ከዚያ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ተርባይኑ ላይ ያለው ፍጥነት ተቆጣጣሪ ይህን እንዳወቀ የውኃውን መግቢያ ሰፋ አድርጎ ይከፍታል። ስለዚህ ማብሪያው ሳሎን ይሁን እንጂ የሚከፈተው በር ግድቡ ጋ ነው።

የአንድ ምጣድ ጫና በሁሉም ጄኔሬተሮች ላይ ስለሚከፋፈል ብቻውን አይታይም። ሰፈር ውስጥ መብራት በሄደ ቁጥርም ግድቡ አነሰው ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የትራንስፎርመር ወይም የመስመር ነው። ውኃው ግን ይቆጠራል። 3,500 ዋት ገደማ የሚስብ ምጣድ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ፣ ከ100 ሜትር ከፍታ የሚወርድ 14 ሺህ ሊትር ያህል ውኃ ይጠይቃል፤ ባለ 20 ሊትር 700 ጀሪካን ማለት ነው። 10 ሰዓት ሙሉ ሲበራ ያደረ ባለ 10 ዋት አምፖል እንኳ 20 ጀሪካን ይፈልጋል።

ያ ውኃ አልጠፋም፤ ከተርባይኑ ወጥቶ ወደ ታች ይፈስሳል። ያለቀው ከፍታው ነው። በክረምት የተጠራቀመው እስከ በጋው መጨረሻ ካልደረሰ ማመንጫው ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ስንቱ ቤት ወደ ከሰል ይመለሳል፤ ከሰሉም የተቆረጠ ዛፍ ነው። ግድቡ ራሱም ያለ ዋጋ አልመጣም፦ መሬት በውኃ ይዋጣል፣ ቆቃን እንዳስቸገረው ደለል ይሞላል፣ ውኃው ይተናል። የተዋጡ ዕፅዋት ሲበሰብሱ ሚቴን ጋዝ ያወጣሉ። መጠኑ ግን ከግድብ ግድብ እጅግ ይለያያል፣ ተመራማሪዎችም ይከራከሩበታል፤ ይህን ይዞ የውኃ ኤሌክትሪክን ከናፍጣ እኩል ማድረግ ትክክል አይደለም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የማባከን ፈቃድ ግን አይደለም።

ወላጆች፣ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ልጃችሁን ቆጣሪው ጋ ውሰዱት። ቀይዋ መብራት ምጣዱ ሲሰካ ስትፈጥን፣ ሲነቀል ስትዘገይ ራሱ ይቁጠራት። ከዚያ ውኃው ከየት እንደሚመጣ ንገሩት።