የከብትን ሙቀት አንጎል እንደሚገዛው

በሬ በቀትር ፀሐይ ሲያርስ ውሎ አፉን ከፍቶ፥ ምላሱን አውጥቶ፥ ለሐጩን እያዝረከረከ ከትልሙ ላይ ሲቆም፥ አራሹ ብዙ ጊዜ ሰነፈ ብሎ በጅራፍ ይመታዋል። ነገር ግን በሬው የቆመው በስንፍና አይደለም፤ አንጎሉ ሙቀቱን ይቀንስ ዘንድ ስላዘዘው ነው። የአንጎሉንም ትእዛዝ ጅራፍ አይሽረውም፤ በግድ ቢነዳ ይወድቃል እንጂ። ስለዚህ ሕዝብ የሚያስተዳድር ሹምና ከብት ያለው ሁሉ የዚህን ነገር ምክንያት ሊያውቅ ይገባዋል።

በአንጎል ሥር ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ይህም ክፍል እንደ አገር ገዢ ነው፤ ከዳር አገር፥ ማለት ከቆዳ፥ በነርቭ የሚላክለትን ወሬ ይቀበላል፤ በመካከሉ የሚያልፈውንም ደም ሙቀቱን ራሱ ይመረምራል። የጤነኛ በሬ ሙቀት 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ከዚህ ልክ ያለፈ እንደ ሆነ የቆዳው ደም ሥሮች እንዲሰፉ፥ ላብ እንዲወጣ፥ ትንፋሽም እንዲፈጥን ያዛል። የጐደለ እንደ ሆነ ግን ደም ሥሮቹ ይጠባሉ፤ ጠጕሩ ይቆማል፤ ሥጋውም እየተንቀጠቀጠ ሙቀት ያወጣል።

ይህም በምርመራ የተገለጠ ነው። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1912 ዓ.ም. ሄንሪ ባርቡር የተባለ ሊቅ በጥንቸል አንጎል ውስጥ ቀጭን ቧንቧ አግብቶ ውሃ አሳለፈበት። ውሃው በቀዘቀዘ ጊዜ ጥንቸሏ ተንቀጠቀጠች፥ የገላዋም ሙቀት ከፍ አለ፤ ውሃው በሞቀ ጊዜ ግን የገላዋ ሙቀት ዝቅ አለ።

ትኩሳትና የፀሐይ ምች ግን አንድ አይደሉም። ከብት ተላላፊ በሽታ ሲይዘው፥ የሙቀቱን ልክ አንጎሉ ራሱ ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ገላው እየጋለ ሳለ ብርድ እንደ መታው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ፀሐይ በመታው ከብት ግን ልኩ አልተለወጠም፤ ገላው ሙቀቱን ማውጣት ተሳነው እንጂ። ፀሐይ የመታውን ፈጥኖ ወደ ጥላ መውሰድ፥ ውሃ ማጠጣት፥ ገላውንም በውሃ ማራስ ይረዳዋል። ትኩሳት የያዘውን ግን ውሃ ብቻውን አይፈውሰውምና፥ ከመንጋው ለይቶ ለከብት ሐኪም ማስታወቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ በቆላ አገር ያለ ሹም አራሹ በማለዳ ጠምዶ ቀትር ሳይደርስ እንዲፈታ ይምከር፤ ከብት የሚያርፍበት የጥላ ዛፍ እንዳይቈረጥ፥ የውሃውም መውረጃ እንዳይዘጋ ይጠብቅ። ድካሙ ጥቂት ነው፤ በሬው የሞተበት ገበሬ ግን እርሻው ጦም ያድርበታል።