«ክሩን ዝቅ አድርገው፣ ይከብድልሃል»፦ ስለ ቤዝ ጊታር ቅኝት የሚባለውና እውነቱ

ቤዝ ጊታር በተለመደው ቅኝቱ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ነው። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ካወጣ ወዲህ ይህ ቅኝት የብዙኃኑ ቤዝ ተጫዋቾች ቤት ሆኖ ቆይቷል። ባንድ ውስጥ ግን «ለዚህ ዘፈን ዝቅ አድርገው»፣ «ጊታሩ ወርዷል፣ አንተም ውረድ» ሲባል የማይሰማ ቤዝ ተጫዋች የለም። እንዲህ የሚያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ቤዝ አይጫወትም። ከትእዛዙ ጀርባ ካሉት እምነቶች አንዳንዱ ተረት ነው፣ አንዳንዱ ግማሽ እውነት፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ደግሞ መድረክ ላይ፣ ሰው ፊት ነው።

«ክሩ በወረደ ቁጥር ድምፁ ይከብዳል»

ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህኛው ነው። ኖታው መውረዱ እርግጥ ነው፤ ክፍቱ ኢ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፣ ወደ ዲ ሲወርድ 37 ገደማ ይሆናል። ክብደት ግን ከዚህ አይመጣም። የክር ውጥረት ከድግግሞሹ ካሬ ጋር አብሮ ስለሚቀንስ፣ ግማሽ ድምፅ ማውረድ ከውጥረቱ 11 በመቶ ያህል ይወስዳል፤ ሙሉ ድምፅ 21 በመቶ። ያንኑ ክር ከኢ እስከ ቢ ያወረደ ሰው 44 በመቶውን አጥቷል። የላላ ክር ሰፊ ቦታ ይዞ ይወዛወዛል፣ ፍሬቱን እየመታ ይንጫጫል፣ ጣት ጠንከር አድርጎ ሲጫነው ደግሞ ኖታው ወደ ላይ ይሸሻል። አንገቱም የክሮቹን ጉተታ ተቋቁሞ በጥቂቱ ጎበጥ ያለ እንጨት ነው፤ ጉተታው ሲቀንስ ይቃናል፣ ክሩ ወደ ፍሬቱ ይጠጋል፣ ንጫጫታው ይብሳል።

ስፒከሩም አለ። አብዛኞቹ የቤዝ ስፒከሮች ወደ 40 ኸርዝ ሲጠጉ ይደክማሉ። ዝቅተኛውን ኢ ሰማሁ የሚል አድማጭ ጉልህ ሆነው የደረሱት በ82 እና በ123 ኸርዝ ላይ ያሉት ተከታይ ድምፆች ናቸው፤ የጎደለውን መሠረት ጆሮው ከእነሱ ተነሥቶ ራሱ ይሞላዋል። ክሩ ከመጠን በላይ ላልቶ እነዚህ ተከታዮች ጥራታቸውን ሲያጡ የሚቀረው ጉርምርምታ ነው። 37 ኸርዝ የሆነ ድምፅ ደግሞ አንዱ ሞገድ ብቻ ከ9 ሜትር ይበልጣል፤ ጠባብ ክለብ ውስጥ ጥግ ጥጉን እየተከማቸ ትልቁን ከበሮ ይውጠዋል። ከዚያ ሳውንድማኑ ቤዙን ይቀንሰዋል። ለክብደት ተብሎ የወረደው ክር መጨረሻው ይህ ነው።

ዝቅ ባለ ቅኝት የታወቀውን የኮርን ባንድ ቤዝ ተጫዋች ፊልዲን ልብ ብሎ ያደመጠ ይህን ያውቃል። ፊልዲ ባለ አምስት ክር ቤዙን በሙሉ ድምፅ አውርዶ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤፍ ይቃኘዋል፤ ግን ወደ ኤ የሚወርደው መጀመሪያውኑ ለቢ የተሠራው ወፍራም ክር ነው። ከሙዚቃው መሐል ለይተን የምንሰማውም ክሩ ፍሬት ላይ ሲመታ የሚወጣውን ቀጭን ጠቅታ ነው። ጉልበቱን የሚያሳየው እሱ ነው።

ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ መጫወት የሚፈልግ ሰው ከተለመደው 105 (በኢንች ሺኛ) ወጥቶ 110 ወይም 115 ውፍረት ያለው ክር ይግጠም። ይህ ግን የአንድ ምሽት ሥራ አይደለም፤ ክሩ የሚያልፍበት ቦይ ይሞረዳል፣ አንገቱ እንደገና ይስተካከላል፣ ያ ቤዝ ከዚያ በኋላ የዚያ ቅኝት ነው። ለሌላው ዘፈን ሁለተኛ ቤዝ ያስፈልጋል፤ የሁለቱ የድምፅ መጠንም ሳውንድ ቼክ ላይ መመጣጠን አለበት፣ አለዚያ ሲቀያየሩ አዳራሹ ይደነግጣል።

«ጊታሩ ከወረደ ቤዙም ይወርዳል»

ይህ ግማሽ እውነት ነው። ጊታሪስቱ ወፍራም ክሩን ከኢ ወደ ዲ ሲያወርድ የሚያገኘው ዲ 73 ኸርዝ ላይ ነው፤ ያልተነካ ቤዝ ክፍቱን ዲ ሲመታም እዚያው 73 ላይ ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ተቀመጡ፣ ታች ያለው ወለል ባዶ ሆነ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው የሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን ‹ኪሊንግ ኢን ዘ ኔም› ዘፈን ላይ ጊታሩም ቤዙም አብረው የወረዱት ለዚህ ነው። ባለ አምስት ክር ቤዝ የያዘ ግን የሚያወርደው ነገር የለም፤ ዝቅተኛው ዲ በቢ ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ቤዝ ተጫዋቹ አንቶኒ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ከመሣሪያ ሠሪው ካርል ቶምፕሰን ያሠራው ባለ ስድስት ክር ቤዝም ከታች ቢ ነበረው፤ ጥያቄው ከተመለሰ ቆይቷል።

ባለ አራት ክር ይዞ የሚያወርድ ሰው ጣቱን ያስብበት። በወረደው ክር ላይ ያለ ኖታ ሁሉ ሁለት ፍሬት ወደ ላይ ይሄዳል፤ ሦስተኛው ላይ የነበረው ጂ አምስተኛው ላይ ነው። የቀሩት ሦስት ክሮች ግን እንደነበሩ ናቸው። ስሕተት የሚመጣው ከዚህ መደባለቅ ነው እንጂ ከቅኝቱ አይደለም፤ በመሆኑም ልምምድ ላይ ባልወረደ ክር፣ መድረክ ላይ በወረደ ክር መጫወት ራስን ማጥመድ ነው።

«መቃኛዋን ጠምዘዝ ነው፣ አለቀ»

አያልቅም። አንድ ክር ሲላላ የአንገቱ ጉተታ ስለሚቀንስ ሌሎቹ ሦስቱ በትንሹ ወደ ላይ ይወጣሉ። የላላው ክር ራሱ ቦዩ ውስጥ ይያዝና ኖታው ላይ የደረሰ መስሎ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመታ ተፈትልኮ ይወርዳል። ስለዚህ ከሚፈለገው ኖታ አሳልፎ ማውረድ፣ ክሩን ሳብ አድርጎ ማላቀቅ፣ ከዚያ ከታች ወደ ላይ እየጠበቁ መድረስ ነው። ዘፋኙ ታዳሚውን እያናገረ ከሆነ ጊዜ አለ፤ ቆጠራው ከተጀመረ የለም።

ሂፕሾት የሚሠራው ኤክስቴንደር የተባለው መቃኛ ይህን ያቃልላል፤ ማንሻውን ገፋ ሲያደርጉት ክሩ በቀጥታ ዲ ላይ ይቆማል። ሁለቱም ማቆሚያዎች አስቀድመው በትክክል መስተካከል አለባቸው፣ ክሩ በተቀየረ ቁጥርም እንደገና። ቤዝ ተጫዋቹ ማይክል ማንሪንግ እየተጫወተ ቅኝቱን ሲገለባብጥ ያየ ሰው ሁሉ ይቻላል ይላል፤ ዞን የተባለው ኩባንያ የሠራለት ሃይፐርቤዝ ግን በየክሩ እንዲህ ያሉ ማንሻዎች ያሉት፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ነው።

«ቅኝት ሲለወጥ ቤዝም ይቃኛል»

ይህ አስተሳሰብ ከክራር የመጣ ይመስለኛል። ክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ ባቲ ወይም ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ሲሻገር ክሮቹን ያስተካክላል፤ ፍሬት ስለሌለ ክሩ የሚሰጠው የተቃኘለትን ድምፅ ነው። ቤዝ ላይ 12ቱም ግማሽ ድምፆች አንገቱ ላይ ተሰልፈዋል፣ አንቺሆዬ የጣት ጉዳይ ብቻ ነው። ክራርና ቤዝ ያለ ኪቦርድ አብረው ሲጫወቱ ግን ሌላ ነገር አለ፤ ክራሩ የቆመበት ከፍታ ከ440 ኸርዙ መለኪያ ትንሽ ዘንበል ሊል ይችላል። ያኔ የቲዩነሩን መለኪያ ወደ ክራሩ አምጥቶ አራቱንም የቤዝ ክሮች እኩል ማንቀሳቀስ ነው። ኪቦርድ ካለ ክራሩ ወደ ኪቦርዱ ይመጣል፤ ኪቦርድ ማንንም አይሰማም።

የኪይ ነገርም እንዲሁ ነው። ዘፋኙ ድምፁ ደክሞ ግማሽ ሲወርድ ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ የምትለዋን ቁልፍ ይጫናል፤ ቤዝ ተጫዋቹ አንድ ፍሬት ይሸሻል፣ በቃ። የሚቸገረው ክፍት ክር የለመደ ብቻ ነው። አንድ እውነተኛ ችግር አለ፦ ሳክስፎንና ትራምፔት ያለበት ባንድ ኢ ፍላትን ይወዳል፣ ባለ አራት ክር ቤዝ ደግሞ ከዚያች ኖታ በግማሽ ድምፅ ከፍ ብሎ ያልቃል። ምሽቱ በአብዛኛው ኢ ፍላት ከሆነ አራቱንም ክር በግማሽ አውርዶ መግባት ይቻላል። ገንስ ኤንድ ሮዝስ እንደዚያ ነው የሚጫወቱት፣ ግን እነሱ ጊታሮቹንም አብረው ስላወረዱ ጣታቸው የሚያስበው አልተቀየረም። ሳክስ አጠገብ የቆመ ቤዝ ተጫዋች ብቻውን ሲወርድ ኖታውን ሁሉ በልቡ ማሸጋሸግ አለበት። ለእኔ አምስተኛው ክር ይሻላል።

«ፔዳል አለ አይደል?»

ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ፔዳል አለ፣ ለግማሽ ድምፅም ያገለግላል። ነገር ግን የዝቅተኛው ኢ አንድ ርግብግቢት ብቻ 24 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ መሣሪያው ያንን ሰምቶ፣ ለውጦ እስኪመልስ መዘግየት አይቀርም። ከድራም ጋር ተጣብቆ ለሚጫወት ሰው ያ መዘግየት ጣት ላይ ይታወቃል። ለአንድ ዘፈን ይሁን፤ ለሙሉ ምሽት አልመክርም።

«ጥሩ ጆሮ ያለው ቲዩነር አያስፈልገውም»

በአምስተኛውና በሰባተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ነካ አድርጎ በሚወጣው ሃርሞኒክ መቃኘት የቆየ ልማድ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ይሠራል፤ ነገር ግን በየክሩ ወደ 2 ሴንት (የግማሽ ድምፅ 2 መቶኛ) ስለሚጎድል ጂ ላይ ሲደረስ ከኪቦርዱ 6 ሴንት ያህል ወርዷል። መድረክ ላይ ደግሞ መብራቱ ክሩን ያሞቀዋል፣ የሞቀ ብረት ይረዝማል፣ ኖታውም ይወርዳል፤ ድራመሩ ከበሮውን እየሞከረ ባለበት ይህን በጆሮ መያዝ አይቻልም። ድምፅ የሚዘጋ ቲዩነር ፔዳል እግር ሥር ይኑር። ወፍራሙን ክር ማንበብ አቅቶት መርፌው ከተወዛወዘም 12ኛው ፍሬት ላይ ያለውን ሃርሞኒክ ይስጡት፣ ወዲያው ይረጋል።