የየቲም ገንዘብና በከተማ የሚሰጠው ሥልጠና

ቆቦ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ አዳራሾች ከወለድ ነፃ ስለሆነ የባንክ አሠራር የሚካሄዱ ጉባኤዎችና ሥልጠናዎች በራያ ቆላ የሚያድጉ የቲሞችን ጥሪት ይነካሉ። በዚህ ጽሑፋችን ይህ እንዴት እንደሆነ ለማብራራት እንሞክራለን።

የየቲም ሀብት አማና ነው። የሟች አባት ከብት የተሸጠበት ገንዘብ ልጁ ለአቅመ አዳም እስኪደርስ በሞግዚት እጅ ይቆያል። ቀደም ሲል ከሪባ መራቅ የሚሻ ሞግዚት ገንዘቡን በቤቱ ከማኖር ወይም ባንክ አስገብቶ ወለዱን ከመተው የተሻለ ምርጫ አልነበረውም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወለድ ነፃ አገልግሎትን የሚፈቅድ መመሪያ ሲያወጣ መደበኛ ባንኮች በመስኮት ደረጃ ሥራውን ጀመሩ። በ2019 ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮችን ማቋቋም ተፈቀደ፤ ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክም በ2021 በራቸውን ከፈቱ።

መመሪያ ብቻውን ግን ባለሙያ አይፈጥርም። የሸሪዓ ሊቁ የባንክን ሒሳብ፣ የባንክ ባለሙያውም የፊቅህን ድንጋጌ መረዳት ይኖርበታል። የሥልጠናዎቹ ዓላማ ይህን ክፍተት መሙላት ነው። በዓለም ደረጃ ለዚህ ሥራ መለኪያ የሚያወጡ ተቋማት አሉ፤ መቀመጫውን ባህሬን ያደረገው የእስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና ኦዲት ድርጅት አንዱ ሲሆን፣ ለሸሪዓ ኦዲተሮችም የሙያ ማረጋገጫ ይሰጣል።

ለሞግዚት ዋናው ትምህርት የወዲዓንና የሙዳረባን ልዩነት መለየት ነው። በወዲዓ የተቀመጠ ገንዘብ በአደራ የተያዘ ነው፤ ዋናው አይጎድልም፣ ትርፍም ቃል አይገባበትም። በሙዳረባ ባንኩ በገንዘቡ ይነግድበታል፤ ትርፉ አስቀድሞ በተስማሙበት ድርሻ ይከፈላል። ኪሳራ ቢደርስና ባንኩ ጥፋት ከሌለበት ግን ኪሳራው በገንዘቡ ባለቤት ላይ ይወድቃል።

ታዲያ ለየቲም የሚበጀው የትኛው ነው? ኢማም ማሊክ በሙወጠእ እንደዘገቡት ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) የየቲም ገንዘብ በዘካ እንዳያልቅ እንዲነገድበት መክረዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ ኒሷብ የሞላ የየቲም ገንዘብ ከየ1,000 ብሩ 25 ብር በየዓመቱ ዘካ ይወጣበታል፤ በሐነፊይ መዝሀብ ግን በልጅ ጥሬ ገንዘብ ላይ ዘካ ግዴታ አይደለም። በዚህ ላይ የዋጋ ንረት ሲጨመር ያለ ሥራ የተቀመጠ ገንዘብ በየዓመቱ አቅሙ ይመነምናል። በሌላ በኩል የየቲምን ብቸኛ ጥሪት ለኪሳራ ማጋለጥ ከባድ ኃላፊነት ነው። ስለሆነም በቅርቡ ለትምህርትና ለቀለብ የሚያስፈልገውን በወዲዓ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆየውን ደግሞ አዋቂ አማክሮ በሙዳረባ ማኖር ተገቢ ሆኖ ይታየናል።

ይህ እውቀት በዋና ከተማ ብቻ ሊቀር አይገባውም። በጦርነትና በድርቅ ብዙ ልጆች ወላጅ ባጡበት አካባቢ፣ የቅርንጫፍ ሠራተኛው፣ የመስጂዱ ኢማምና ሞግዚቱ ሊጋሩት ይገባል። ሞግዚቶችም ሒሳቡን በየቲሙ ስም እንዲከፍቱ፣ የትርፍ ድርሻውን አስቀድመው እንዲጠይቁና ደረሰኙን ሁሉ እንዲያኖሩ እናሳስባለን። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ የቲሙ ሲደርስ ገንዘቡ በምስክር ፊት እንዲሰጠው ያዛል። በዚያ ቀን የሚቀርበው ምስክር በሥርዓት የተያዘ መዝገብ ሲታከልበት ይጸናል።

አላህ (ሱ.ወ) አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።