ጀማሪ መምህር ማስተማርን ከየት ይማራል?

የዶክትሬት ዲግሪ ምርምርን እንጂ ማስተማርን አያስተምርም። እኛም ከውጭ አገር እንደተመለስን የመጀመሪያውን ሴሚስተር ያሳለፍነው ሰሌዳውን በቀመር በመሙላት ነበር። «ጥያቄ አላችሁ?» ስንል ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታውንም እንደ መረዳት ቆጠርነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ማስተማር የጀመሩት ኤሪክ ማዙርም ለዓመታት በዚሁ መንገድ ተጉዘዋል። ተማሪዎቻቸው ከባድ ስሌት ይሠሩ ነበርና ችሎታቸውን አልተጠራጠሩም። በ1990 ግን ስለ ኃይል የተዘጋጁ፣ ስሌት የማይሹ ቀላል ጥያቄዎች ሲያቀርቡላቸው ብዙዎቹ ተሳሳቱ።

እኛም ሞከርነው። አይሱዙ ከቆመ ባጃጅ ጋር ቢጋጭ የትኛው በሌላው ላይ የበለጠ ኃይል ያሳርፋል? የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ በቃላቸው የሚወጡት ተማሪዎቻችን አብዛኞቹ «አይሱዙው» አሉ። ኃይሎቹ ግን እኩል ናቸው፤ ባጃጁ ርቆ የሚወረወረው መጠነ ቁሱ አነስተኛ በመሆኑ ያው ኃይል የላቀ ሽምጠጣ ስለሚሰጠው ነው።

በማዙር ዘዴ እያንዳንዱ ተማሪ መጀመሪያ ብቻውን መልስ ይመርጣል (ጣት ማሳየት ይበቃል፤ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አያሻም)። በትክክል የመለሱት ከመቶ ከ30 እስከ 70 ያህል ከሆኑ፣ ከጎናቸው ካለው ጋር ተከራክረው እንደገና ይመርጣሉ። ካነሱ መምህሩ ዳግም ያስረዳል። ገና አሁን የገባው ተማሪ የት እንደተደናቀፈ ያስታውሳል፤ እኛ ረስተነዋል። ጀማሪው መምህርም በወንበሮች መካከል እየተዘዋወረ ስሕተቱን በጆሮው ይሰማል።

ዘዴው ጊዜ ይበላል። በጀመርንበት ዓመት ሁለት ምዕራፎች ሳንሸፍን ቀርተን ባልደረቦቻችን ወቀሱን። አሁን ንባቡን አስቀድመን እንሰጣለን፤ መጽሐፍ ለሁሉም በማይዳረስበት ክፍል ግን ይህም በቂ አልሆነም።