አንድ ዓይን፣ ሁለት ዓይን፦ የዐድዋን ሥዕል ፖለቲካዊ ምልክቶች ስለ ማንበብ

(ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ግልባጭ)



ዛሬ ማለዳ ከጥቂቶቻችሁ ጋር እንጦጦ ራጉኤል ነበርን። ጫማችንን አውልቀን ገብተን የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕሎች እየዞርን ተመለከትን። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ ቤተ መንግሥታቸው ገና ከተራራው ላይ ሳለ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡባት እንጦጦ ማርያምም ከዚያ ብዙ አትርቅም። ስለ ጦርነት ሥዕል ልናገር መጥቼ ከቤተ ክርስቲያን የጀመርሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የዐድዋ ሥዕል የሚናገርበት ቋንቋ የተለመደው በእንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ ነው፤ ያንን ቋንቋ ሳናውቅ ስለ ፖለቲካው ብንከራከር እርስ በርሳችን ሳንደማመጥ እንቀራለን።

«የዐድዋ ሥዕል» ስል አንድን ሸራ ብቻ ማለቴ አይደለም። የሀገር ባህል ሠዓሊዎች ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተቀባበሉ ደጋግመው የሣሉት የድርሰት ዐይነት ነው። በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ በለንደኑም ብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ዝርዝሩ ከሠዓሊ ሠዓሊ ቢለያይም አቀማመጡ በአብዛኛው አንድ ነው። የኢትዮጵያ ሠራዊት በግራ፣ የኢጣሊያ ሠራዊት በቀኝ ይሰለፋል። ምኒልክ ዘውድ ደፍተው ከጥላ ሥር ናቸው። እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዴም ሽጉጥ ይዘዋል። ካህናት አሉ፣ ነጋሪት አለ፣ መድፍ አለ። ከሁሉም በላይ፣ በመካከል፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ሆኖ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ብርሃን ተከብቦ ጦሩን ወደ ኢጣሊያ ወገን ይሰነዝራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ሥዕል በክፍል ውስጥ ባሳየሁ ጊዜ ጠብ ተነሣ። አንዱ ተማሪ «ይህ የነጻነታችን የምስክር ወረቀት ነው» አለ። ሌላዋ «የአንድ ንጉሥና የአንድ ሃይማኖት ማስታወቂያ ነው፤ ከደቡብ የመጣው ፈረሰኛ የት አለ? ሙስሊሙ የት አለ?» አለች። ክርክሩ ከረረ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ዝምተኛ ተማሪ ግን እጁን አንሥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «መምህር፣ የእኔ ቅድመ አያት በቀኝ በኩል ካሉት ነው። ለምን አንድ ዓይን ብቻ ተሣለለት?»

ያን ቀን የሰጠሁት መልስ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን አልበቃም። የዛሬው ንግግሬ የዚያ መልስ ማሟያ ነው።

ትክክል የነበረውን ላስቀድም። በቤተ ክርስቲያናችን የአሣሣል ሥርዐት ቅዱሳን ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው በሁለት ዓይናቸው ይታያሉ። አጋንንትና ክፉዎች ግን በጎን ይሣላሉ፤ የሚታያቸውም አንድ ዓይን ብቻ ነው። ይህ ሠዓሊው ፊት መሣል ስላልቻለ የመጣ ጉድለት አይደለም፤ ፍርድ ነው። ሁለት ዓይን ያለው ይመለከተናል፣ እንመለከተዋለን፤ በመካከላችን ኅብረት አለ። በጎን የተሣለው ግን ከዚያ ኅብረት ውጭ ነው። የዐድዋ ሠዓሊ ይህን ሥርዐት ከመቅደስ ወደ ጦር ሜዳ አወጣው። ኢትዮጵያውያኑን በሁለት ዓይን፣ ጠላትን በአንድ ዓይን ሣለ። ስለዚህ መስመሩ የቆዳ ቀለም መለያ አይደለም፤ የጽድቅና የኀጢአት መለያ ነው።

ይህን ካወቅን ሌሎቹ ምልክቶችም ይፈቱልናል። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ዕለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ነበር፣ ታቦቱም አብሮ ዘምቷል። ቅዱስ ጊዮርጊስን ከላይ ያስቀመጠው ሠዓሊ የተመለከተውን አልዘገበም፤ ድሉ የማን እንደ ሆነ ተናገረ። ጊዮርጊስ የኢጣሊያ ከተማ የጄኖቫም ጠባቂ ቅዱስ መሆኑን ስናስብ ንግግሩ ይበልጥ ይጠነክራል፦ የክርስቲያኑ አውሮፓ ቅዱስ የቆመው ከእኛ ጋር ነው ማለት ነው። ዘውዱም እንዲሁ ነው፤ ተመልካቹ ንጉሠ ነገሥቱን እንዲለይ የተቀመጠ ምልክት ነው።

ጦር መሣሪያውንም ልብ በሉ። ኢትዮጵያውያኑ ጠመንጃና መድፍ ይዘው፣ ከጠላት ጋር ፊት ለፊት በእኩል ቁመና ተሰልፈው ይታያሉ። በእውነቱ የኢትዮጵያ ጦር ወደ 100,000 ሲገመት የኢጣሊያው ከ17,000 ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ሠዓሊው ሁለቱን ወገኖች ማመጣጠኑ «በብዛት ብቻ አሸነፉ» ለሚል ሰው መልስ ይሆናል። ይህ ሥዕል ከጦርነቱ በኋላ ለነበረው ዓለም የቀረበ የክብር ክርክር ነው።

እንግዲህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ተማሪዎች መልሱ ይህ ነው። ሥዕሉ የምስክር ወረቀት አይደለም፤ ምስክር ያየውን ይናገራል እንጂ አይፈርድም። ተራ ማስታወቂያም አይደለም፤ ሠዓሊው የሚያምንበትን ሥርዐት ተከትሎ ፍርድ ሰጥቷል። ፍርድ ግን ይግባኝ አለው። ከየአቅጣጫው የዘመተው ፈረሰኛ፣ ሙስሊሙ ወታደር፣ እህል ፈጭታ ስንቅ ያዘጋጀችው ሴት በሥዕሉ መካከል አለመታየታቸው ሥርዐቱ ማንን ሊያሳይ እንደ ተሠራ ይነግረናል፦ ንጉሡን፣ ካህኑን፣ ቅዱሱን። ይህን መናገር ድሉን ማሳነስ አይደለም። ድሉ ከሥዕሉ ይሰፋል።

የሦስተኛው ተማሪ ጥያቄ ግን ይከብዳል። ከኢጣሊያ ወገን የተሰለፉት ሁሉ ኢጣሊያውያን አልነበሩም። የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ በአብዛኛው ከመረብ ማዶ የተመለመሉ አስካሪዎች ነበሩ። በአንዳንድ ሥዕሎች እነርሱም በጎን፣ በአንድ ዓይን ተሥለዋል። ያን ቀን ለተማሪው «ሥርዐቱ ነው፤ ከጠላት ጋር የቆመ ሁሉ እንዲሁ ይሣላል» አልሁት። እርሱም አመስግኖኝ ተቀመጠ። ፊቱን ሳይ ግን እንዳልመለስሁለት ገባኝ።

ያልነገርሁት ይህን ነበር። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል ከመረብ ማዶ ካለው አገር ከፊሉ ለኢጣሊያ ተለቀቀ። በ1882 ዓ.ም. ኢጣሊያ ያንን ምድር «ኤርትራ» ብላ ቅኝ ግዛቷ አደረገችው። ውሉን የፈረሙት በሥዕሉ ላይ በሁለት ዓይን የሚታዩት ንጉሥ ናቸው። ዘመኑም የክፉ ቀን ረሃብ አገሩን ያራቆተበት ነበር፤ ደመወዝ ላጣ ወጣት የነፍስ ማቆያ ነው። አስካሪው የቆመበትን ጎን በከፊል የወሰኑለት እርሱ ያልፈረመው ውልና እርሱ ያላመጣው ረሃብ ነበሩ። ከጦርነቱም በኋላ ኢጣሊያውያን ምርኮኞች በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ከተማረኩት አስካሪዎች ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። የዐድዋ ሥዕል ይህን አይሥልም። የጎን ፊት የሚሰጠው ፍርድ ሲፈጸም ምን እንደሚመስል ግን ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

ይህ የቆየ ታሪክ ብቻ ከመሰላችሁ «ባንዳ» የሚለውን ቃል አስቡት። በኢጣሊያ ቋንቋ የታጠቀ ቡድን ማለት ነበር፤ በእኛ አንደበት ግን ከሃዲ ማለት ሆነ። ዛሬ በክርክር መካከል ሰውን ባንዳ ስንል በጎን እየሣልነው ነው። አንዱን ዓይኑን እንሰውርበታለን፤ ለምን እዚያ እንደ ቆመ ከእንግዲህ አንጠይቀውም። ይህን ሰፈርና ወገን ሳይለይ ሁላችንም እናደርገዋለን፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

ሌላ የአሣሣል መንገድ እንዳለ ለማስታወስ አንድ የሩቅ ምሳሌ ልጨምር። ስፔናዊው ቬላስኬዝ የብሬዳን ከተማ እጅ መስጠት ሲሥል አሸናፊው የጦር አለቃ የተሸናፊውን ትከሻ ይዞ እንዳይንበረከክ ሲከለክለው አሳየ። ያም ከፖለቲካ የነጻ አይደለም፤ የአሸናፊውን ንጉሥ ቸርነት ለማወደስ የተሣለ ነው። ሆኖም ተሸናፊው ሰው ሆኖ ይታያል። ሁለቱን ሥዕሎች ያነጻጸርሁት አንዱን ለማስበለጥ አይደለም። የኛው ሠዓሊ ሊወርረው ከመጣ ኀይል ራሱን ለማስከበር የሣለ ሰው ነው፤ ከእርሱ የአሸናፊ ለጋስነትን መጠየቅ ይከብዳል። እኛ ግን ያን ፍርሃት አልፈን የመጣን ነን፤ ስለዚህ ከእኛ መጠየቅ ይቻላል።

እንግዲህ ምልክትን ለምታጠኑ ተማሪዎቼ የምለው ይህን ነው። አከራካሪ ሥዕል ሲገጥማችሁ በመጀመሪያ ሰዋስውን አጥኑ፤ ሠዓሊው በገዛ ቋንቋው ምን እንዳለ ሳታውቁ አትክሰሱት፣ አታምልኩትም። ከዚያ በኋላ ያ ሰዋስው ማንን መናገር እንደማይችል ጠይቁ። የመጀመሪያውን ብቻ የሚያደርግ ካህን ይሆናል፤ ሁለተኛውን ብቻ የሚያደርግ ዐቃቤ ሕግ ይሆናል። ሁለቱንም የሚያደርግ ተመራማሪ ነው።

ያ ተማሪ ትምህርቱን ጨርሶ ሄዷል። ዛሬ ቢጠይቀኝ እንዲህ እለው ነበር፦ ለቅድመ አያትህ አንድ ዓይን የተሣለለት ሠዓሊው ያደገበት ሥርዐት በሁለት ወገን መካከል የተያዘን ሰው የሚሥልበት መንገድ ስላልነበረው ነው። ሁለተኛው ዓይን አለ፤ ከሸራው በዚያኛው በኩል ነው። እርሱን የማሳየት ሥራ ለእኛ ቀርቷል።