የታሚሎች ሳምባር ምን ይመግባል?

በደቡብ ህንድ፣ በታሚል ናዱ ቤቶች፣ ሳምባር የማይቀርብበት ቀን ጥቂት ነው። መሠረቱ ተከክቶ እስኪላቁጥ የተቀቀለ የርግብ አተር ነው። ካሮት፣ ዱባ፣ ባሚያ ወይም ወቅቱ የሰጠው ሌላ አትክልት ይጨመርበታል፤ ሁመር ያኮመጥጠዋል፤ ድንብላል፣ አብሽ፣ እርድና በርበሬ ይገባበታል። በመጨረሻ ሰናፍጭ በጋለ ዘይት ውስጥ እስኪንጣጣ ይቆይና ከላዩ ይደፋበታል። ለእኛ አገር ሰው ከቅመሞቹ እንግዳ የሚሆንበት ጥቂት ነው፤ ጣዕሙ ግን ከአልጫም ከቀይ ወጥም አይገጥምም።

እንደ ሳምባር ያለ የአትክልት ካሪ ገንቢ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው የአትክልቱ ዓይነት ነው። ለእኔ ቁም ነገሩ ድስት ውስጥ የገባው አንዱ ለሌላው የሚያደርገው እገዛ ነው። ካሮትና ዱባን ብርቱካናማ የሚያደርጋቸው ቤታ ካሮቲን ነው፤ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ጥሬ ካሮት ስንበላ ግን አብዛኛው ከጠንካራው የአትክልቱ ህዋስ ሳይወጣ ያልፋል። መቀቀሉ ህዋሱን ይፈታዋል፤ ቤታ ካሮቲን በቅባት የሚሟሟ ስለሆነም ዘይቱ አንጀት እንዲቀበለው ያግዛል። ለዚህ ጥቂት ግራም ይበቃል። በጭልፋ የሚያፈስ ወጥ ቤት የሚጨምረው ካሎሪ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው።

ቫይታሚን ሲ ጠባዩ ሌላ ነው። በሙቀት ይጎዳል፣ በውሃም ይሟሟል። አትክልት ቀቅሎ ውሃውን የሚደፋ ሰው በሁለቱም ይከስራል፤ የካሪ መረቅ ግን አብሮ ስለሚበላ ወደ ውሃው የወጣው አይባክንም። ከሳምባር ግብዓቶች በዚህ ቫይታሚን የታወቀው የሽፈራው ፍሬ ነው፤ ጥሬው በ100 ግራም 140 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። የኮንሶ ሰው የሚያውቀው የዚህን ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እሱ ቅጠሉን ኩርኩፋ ከሚባለው ምግብ ጋር ይበላል። ታሚሎች ደግሞ ዱላ የመሰለውን ረጅም ፍሬ በጣታቸው ይዘው ውስጡን በጥርሳቸው እየጋጡ ልጡን ይጥላሉ።

ቫይታሚን ሲ እግረ መንገዱን ብረትንም ይረዳል። የጥራጥሬ ብረት ፋይቴት በሚባል ንጥረ ነገር ስለሚያዝ እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፤ ቫይታሚን ሲ ይህን እንቅፋት ይቀንሰዋል። ፕሮቲኑን የሚያሟላው ከሳምባሩ ጋር የሚበላው ሩዝ ነው። ክኩ ላይሲን በተባለው አሚኖ አሲድ ሲበለጽግ ሜታዮኒን የተባለው ያንሰዋል፣ የሩዙ ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ሽሮና እንጀራ የሚደጋገፉትም በዚሁ መንገድ ነው።

በክኩ ውስጥ ያለው ፎሌት ወይም ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚንም ታሪክ አለው፤ ታሪኩም እዚያው ህንድ ውስጥ ይጀምራል። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሉሲ ዊልስ ቦምቤይ ሄዳ፣ ምግባቸው የጎደለ ድሃ ነፍሰ ጡር ሴቶችን የሚያጠቃ ከባድ የደም ማነስ አጠናች። የእርሾ ጭማቂ በሽታውን እንደሚያድን እ.ኤ.አ. በ1931 አሳተመች፤ ፈውሱ ከእርሾው ውስጥ ምኑ እንደሆነ ግን ገና አልታወቀም ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ከስፒናች ቅጠል አንድ ንጥረ ነገር ለይተው ፎሊክ አሲድ አሉት። አዳዲስ የደም ሕዋሳት ያለ እሱ አይሠሩም፤ በእርግዝና የመጀመሪያ ሳምንታት ለፅንሱ አከርካሪ አፈጣጠርም ያስፈልጋል። አንድ አዋቂ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ይፈልጋል። የተቀቀለ የርግብ አተር በ100 ግራም ከ100 ማይክሮ ግራም በላይ ይዟል፤ ዊልስ ካከመቻቸው ሴቶች ማዕድ የጎደለው እንዲህ ያለው ነገር ነበር።

በእርድ ላይ የሚወራው ግን ተጋንኗል። ይጠቅማል የሚባለው ኩርኩሚን ከእርዱ ክብደት 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ሰውነትም በደንብ አይቀበለውም። ቁንዶ በርበሬ ይህን ያስተካክላል ተብሎ የሚጠቀሰው የ1998 ጥናት ለሰዎች የሰጠው 2 ግራም ኩርኩሚን ነበር። ያን ያህል ከድስት ለማግኘት ከ60 ግራም በላይ እርድ መብላት ግድ ይላል። ለቀለሙና ለጣዕሙ ይግባ።

በጎረቤት ኬረላ አትክልቱ ብዙ ጊዜ በኮኮናት ወተት ይሠራል። ይጣፍጣል፤ ሆኖም 100 ግራም የኮኮናት ወተት ከ20 ግራም በላይ ቅባት አለው፣ አብዛኛውም ልብ የማይወደው ዓይነት ነው። ሁለቱም ድስቶች የማይሰጡት ቫይታሚን ቢ12ን ነው። ታሚሎች ማዕዳቸውን በእርጎና በሩዝ መዝጋታቸው ጥቂት ይጠቅማቸዋል፤ ከእንስሳት ተዋጽኦ ዓመቱን ሙሉ የሚርቅ ሰው ግን ሌላ ምንጭ መፈለግ አለበት።

ከዚያ ቡና ይመጣል፤ እዚህ ላይ እኛም አለንበት። እ.ኤ.አ. በ1983 በታተመ ጥናት፣ ከሃምበርገር ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና የብረትን መመጠጥ በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሶታል። ከምግቡ አንድ ሰዓት ዘግይቶ የተጠጣ ቡናም ያንኑ ያህል ቀነሰ፤ አንድ ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አልቀነሰም።