ጓያው ድስት ውስጥ ምን ይሆናል?

ዛሬ ምሳዎ ሽሮ ከሆነ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ሽሮው ውስጥ ስንት ዓይነት እህል አለ? ሽምብራ ይኖራል፣ አተር ይኖራል፣ ባቄላም አይጠፋ ይሆናል። ባሕር ዳር ገበያ የተገዛ ከሆነ ጓያም ሊኖርበት ይችላል። ጥሬውን መለየት አያስቸግርም። አተር ድቡልቡል ነው፤ ጓያ ግን ማዕዘን አለው፣ አንዱ ጎኑ ወፍሮ ሌላው ይሳሳል።

ጓያ ብርቱ ሰብል ነው። በጎንደር መንገድ ወደ ወረታ ሲሄዱ ፎገራ ሜዳ ላይ ያገኙታል። ክረምቱ ወጥቶ ሩዙ ሲነሣ፣ ዋልካው ውስጥ በቀረችው እርጥበት ብቻ ይበቅላል። ውሃ ቢተኛበት ይችላል። ድርቅ መጥቶ ሌላው ሲጠወልግ እሱ ያፈራል። ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው።

ፍሬው ውስጥ ግን ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። የህንድ ተመራማሪዎች በ1964 እ.ኤ.አ. ለይተው ያወጡት ሲሆን፣ ቅርጹ አንጎላችን ለመልእክት ከሚጠቀምበት ከግሉታሜት ጋር ይመሳሰላል። ግሉታሜት እንደ ጨዋ እንግዳ ነው፤ የነርቩን በር አንኳኩቶ፣ መልእክቱን ሰጥቶ ይመለሳል። ኦዳፕ ያንኑ በር ሲደበድብ ያድራል። ነርቩም ዕረፍት አጥቶ በመጨረሻ ይሞታል።

ከሁሉ የሚጎዱት ከአንጎል ተነሥተው እግርን ወደሚያዘው የአከርካሪ ክፍል የሚወርዱት ረጃጅም ነርቮች ናቸው። ሥራቸውን አሁኑኑ ማየት ይችላሉ።

ከፍ ያለ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ እግርዎ መሬት አይንካ። ከጉልበት ሎሚዎ ዝቅ ብሎ ያለውን ጅማት አንድ ሰው በመዳፉ ጠርዝ ቀለል አድርጎ ይምታልዎ። ሳያዙት እግርዎ ይፈናጠራል። አሁን የሁለት እጅዎን ጣቶች አቆላልፈው ወደ ግራና ቀኝ በኃይል እየሳቡ እንደገና ያስመቱት። ብዙ ሰው ላይ እግሩ ከበፊቱ ይበልጥ ይወረወራል።

ፍንጠራው የሚመነጨው ከአከርካሪ ነው፤ መጠኑን የሚገሩት ግን ከአንጎል የሚወርዱት ነርቮች ናቸው። እነሱ ሲሞቱ ፍንጠራው ይበረታል፣ ጡንቻው ይገተራል፣ ጉልበቶች ይጠላለፋሉ። ሰውየው በእግሩ ጣቶች እየረገጠ በአንድ ዱላ፣ ሲብስም በሁለት ይሄዳል። አእምሮው ደህና ነው፤ ቢነኩት ይሰማዋል። በሽታው አይገድልም፤ የሞተው ነርቭ ግን አይመለስም።

ይህን በሽታ ጣና ዙሪያ፣ ደምቢያና ፎገራ ድረስ ሄደው ያጠኑት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የነርቭ ሐኪም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጥናታቸው በ1990 እ.ኤ.አ. ታተመ። ገጠር ውስጥ ብዙ ሰው የሚፈራው ጓያ ሲቀቀል የሚወጣውን እንፋሎትና ገለባውን ነበር። እንፋሎቱም ገለባውም ማንንም አልሰበሩም። ነገሩ ያለው ከሚበላው ፍሬ፣ በተለይም ከአበላሉ ላይ ነው።

አበላሉን ደግሞ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው መረመሩት። የታመመውን ካልታመመው ጋር እያነጻጸሩ “ጓያውን እንዴት አድርገህ ነበር የምትበላው?” ብለው ጠየቁ። ውጤቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። ቆሎው አደጋውን ጨምሮታል፤ ንፍሮውም እንዲሁ። ከሁሉ የባሰው ጥሬ እሸቱ ነው። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ወጣት ወንዶች መሆናቸውን ሲሰሙ፣ ከብት ሲጠብቅ ማሳ ውስጥ እሸት እየሸመጠጠ የሚውለውን ልጅ ያስቡ። እንጀራው፣ ቂጣውና ወጡ ግን አደጋውን አልጨመሩም።

ለምን? አንዱ ምክንያት ውሃ ሳይሆን አይቀርም። ማታ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ያዘጋጁ። በአንዱ ድፍን ጓያ፣ በሌላው የጓያ ክክ ነክረው ያሳድሩ። ጠዋት የክኩ ውሃ ይበልጥ ደፍርሶ ያገኙታል፤ ልጣጩ ተገፎ፣ ፍሬው ተከፍሎ ውሃው በቀላሉ ገብቷልና። ኦዳፕ በዓይን ባይታይም ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ስለዚህ ከፊሉ በዚያው ይወጣል። ውሃውን ይድፉት እንጂ ለማብሰያ አይጠቀሙበት። ቆሎ ሲሆን የሚደፋ ውሃ የለም። እሳቱ ከኦዳፑ የተወሰነውን ጉዳቱ ወዳነሰ መልክ ይቀይረዋል፣ ሁሉን ግን አይችልም።

ጥናቱ ያሳየው ሌላው ነገር ይበልጥ ያስደንቀኛል። ጓያው ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ሲበላ፣ ወይም ሽንኩርቱና ቅመሙ ካልጎደለ ወጥ ጋር ሲሆን፣ አደጋው ቀነሰ።

ምክንያቱን ለማየት እንቁላል ከወትሮው አስረዝመው ይቀቅሉ። ሲከፍሉት አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ያዘለ ግራጫ ቀለበት ያያሉ። ከነጩ ፕሮቲን የወጣው ሰልፈር ከአስኳሉ ብረት ጋር ተገናኝቶ ነው። ሰውነታችን ሰልፈር ካላቸው የፕሮቲን መገንቢያዎች፣ ማለትም አሚኖ አሲዶች፣ ግሉታታዮን የሚባል ንጥረ ነገር ይሠራል፤ ግሉታታዮን ነርቭን ከጉዳት ይጠብቃል። ጓያ እነዚህ አሚኖ አሲዶች ያንሱታል፤ ጤፍ፣ ገብስና ስንዴ ይሻላሉ። ለእህሎቹ የሚጎድላቸው ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ደግሞ ጓያ ውስጥ ሞልቷል። ሽሮውን በእንጀራ ስንበላ ሁለቱ ይሟላሉ። እናቶቻችን ይህን ማዕድ የሠሩት ላቦራቶሪ ሳይገቡ ነው፤ ሳይንሱ ዘግይቶ መጥቶ መሰከረላቸው።

ሰው ጓያን ብቻውን የሚበላው ሌላው ሲያልቅበት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቫፕኒያርካ በሚባል ካምፕ የታሰሩ አይሁዶች በየቀኑ ጓያ ሲሰጣቸው እግራቸው ተያዘ፤ ምክንያቱ ምግቡ መሆኑን የለየው አብሯቸው የታሰረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነው። በአገራችንም ወረርሽኙ የሚነሣው በረሃብ ዓመት ነው። ጓያ የዕለት ምግብ ሲሶ ያህል ሆኖ ለሁለትና ሦስት ወር ሲዘልቅ ያሰጋል፤ አልፎ አልፎ የሚበላ የጓያ ሽሮ ግን አያስፈራም።

ስለዚህ ገጠር ዘመድ ካለዎት፣ ዝናቡ ያጠረ ዓመት ሲመጣ ቀድመው ይደውሉ። ጓያው ተነክሮ ይደር፣ ውሃው ይደፋ፣ ልጆች እሸቱን በጥሬው አይብሉ ይበሏቸው። መርዳት የሚችሉ ከሆነም ከጓያው ጋር የሚቀላቀል ገብስ ወይም ስንዴ ይላኩ።